አፋፉ ላይ የተተከሉ ሁለት ችካሎች

ሚስቱ የልብስ ሜትሯ ሲጠፋባት መጀመሪያ የምትፈትሸው የእሱን ኮት ኪስ ነበር። ብዙ ጊዜም እዚያው ታገኘዋለች፤ ጫፉ ጭቃ ጠጥቶ፣ ቁጥሮቹ ላይ የድንጋይ ብናኝ ተለጥፎ። ልብስ ሰፊ ናት። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ የምትለካበት ሲጠፋ ደሟ ይፈላል።

«አንተ ሰውዬ፣ የሰው ወገብ የምለካበትን ወስደህ የገደል ወገብ ትለካበታለህ?»

«የመሥሪያ ቤቱ ሜትር ተበጥሷል» ይላል እሱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ታዲያ መሥሪያ ቤቱ ለራሱ አይገዛም?»

«ጠይቄያለሁ።»

«ጠይቄያለሁ! ይህቺን ቃል መቃብርህ ላይ ነው የማስጽፋት።»

ከዚያ ይስቃሉ። በዚያ ቤት ጠብ የሚባለው ከዚህ አያልፍም ነበር።

ሥራው የካባ ተቆጣጣሪ ነው። ፈቃድ አውጥተው ድንጋይና አሸዋ የሚያወጡ ሰዎች ተራራውን ከሥሩ ሲቆርጡት፣ ተራራው እላያቸው ላይ እንዳይመጣ የሚጠብቅ የመንግሥት ሰው ማለት ነው። ቁመቱ ዘለግ፣ ትከሻው ጠበብ ያለ፣ ከቆመበት ቶሎ የማይነቃነቅ ሰው ነበር። ደግሞም በየሄደበት ችካል ይተክላል። ስለዚህ ቆፋሪዎቹ «ችካሉ» አሉት። «ችካሉ መጣ!» የተባለ እንደሆነ ሄልሜቱን አውልቆ የተቀመጠበት ሁሉ ከሥሩ መዝዞ አናቱ ላይ ይደፋዋል።

በአፋፍ ላይ ስንጥቅ ካየ፣ ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ሁለት የእንጨት ችካል ይተክላል። በየችካሉ አናት አንድ አንድ ሚስማር ይመታል። ከሚስማር እስከ ሚስማር ያለውን ይለካና ቁጥሩን በቀይ ቀለም ችካሉ ላይ ይጽፈዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ቁጥሩ ከጨመረ፣ ከስንጥቁ ወዲያ ያለው መሬት ወደ ገደሉ እየተጓዘ ነው፤ ሰው ከሥሩ ይውጣ፣ ካባው ይዘጋ። ካልጨመረ ሥራው ይቀጥላል። ይህን የሚያደርግ መሣሪያ እንዳለ ሥልጠና ላይ በሥዕል አሳይተውታል። እሱ ያለው ግን ችካልና የሚስቱ ሜትር ነው። «ሰው ይዋሻል፤ ችካል አይዋሽም» ይል ነበር። ይህን የተናገረባቸውን ቀኖች በኋላ አንድ በአንድ አስታወሳቸው።

የመሥሪያ ቤቱ ነገር እንዲህ ነው። ድሮ በጀቱ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ይመጣ ነበር፤ ይመጣ ነበር ከተባለ። ትምህርት ቤቱም ሆስፒታሉም መንገዱም ከወሰዱ በኋላ የተረፈው ፍርፋሪ ለካባ ቁጥጥር ይደርሳል። ከስምንት ዓመት በፊት አዲስ ደንብ ወጣ፦ ካባ የሚከፍት ሰው የሚከፍለው የፈቃድና የእድሳት ክፍያ ለቁጥጥሩ ሥራ ይዋል፤ መሥሪያ ቤቱ ከእንግዲህ በዚያ ይተዳደር። ደንቡ በስብሰባ ላይ ሲነበብ እጁን እስኪቀላ ካጨበጨቡት አንዱ እሱ ነበር።

ያን ቀን ቤቱ ሲገባ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ፣ «ከእንግዲህ ማንንም አንለምንም» አላት ሚስቱን። «ከቆፋሪው የመጣ ቆፋሪውን ይጠብቃል። ከዚህ በላይ ምን ፍትሕ አለ?»

እሷ ክር በጥርሷ በጥሳ፣ «ቆፋሪው መቆፈር ያቆመ ቀንስ?» አለችው።

«ሰው ቤት መሥራት ያቆማል እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ። ሰው ልብስ ማሰፋትም ያቆማል።»

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት እውነትም ደስ ይሉ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ካባዎች ፈቃድ አወጡ። መሥሪያ ቤቱ ነጭ መኪና ገዛ፣ ሹፌር ቀጠረ። የብረት ሜትርም ተገዛ። ችካሉ በወር አንድ ጊዜ ሁሉንም ካባ ያዳርስ ነበር። ሚስቱም ሜትሯን በየቦታው መፈለግ አቆመች።

ከዚያ የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ ሰማይ ነካ። የተጀመሩ ፎቆች እንደ ተሸረፈ ጥርስ መሐል ከተማ ተገትረው ቀሩ። ድንጋይ የሚገዛ ጠፋ። አሥራ ዘጠኙ ፈቃድ አሥራ አንድ ሆነ፣ ከዚያ ስምንት፣ ከዚያ ስድስት። የብረት ሜትሩ ተበጠሰ፤ ምትክ አልተገዛም። ሹፌሩ ተሰናበተ። መኪናው ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ቆመ፤ የግቢው ድመት ከሥሩ ሦስት ጊዜ ወለደች። ችካሉ በአውቶቡስ መሄድ ጀመረ፤ በወር አንዴ የነበረው በሦስት ወር አንዴ ሆነ። የቀሩት ስድስት ካባዎች ግን እንደ ድሮው አይቆፍሩም ነበር። ድንጋዩ ሲረክስባቸው ብዙ ለማውጣት ገደሉን ይበልጥ ቀጥ አድርገው መቁረጥ ጀምረው ነበር።

ከስድስቱ ትልቁ ከኮረብታው ጀርባ ያለው የድንጋይ ካባ ነው። የዚያ ጠባቂ «አባ ንቁ» ይባላል። ስሙ የወጣለት ችካሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የሄደ ቀን ነው። ሽማግሌው ሄልሜቱን ፊቱ ላይ ደፍቶ በሩ ሥር ተኝቶ ነበር። ችካሉ ጉሮሮውን ቢጠርግ፣ ሽማግሌው ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ነቅቻለሁ» አለ። ቆፋሪዎቹ ሰምተው መሬት ላይ ተንከባለሉ። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን አባ ንቁ በሥራው ላይ ሲያንቀላፋ ያየው የለም፤ ስሙን የፈራው ይመስላል።

አፋፉ ላይ ያለውን ስንጥቅ ያሳየውም እሱ ነው። አንድ ላይ ሁለት ችካል ተከሉ። ሜትሩን አንዱን ጫፍ ሽማግሌው ያዘ።

«ስንት ይላል አባ ንቁ?»

አባ ንቁ ቁጥር የተማረው በስተርጅና ነው። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆየና፣ «መቶ አሥራ ሁለት!» አለ፣ ሎተሪ እንደደረሰው ሰው።

«መቶ አሥራ ሁለት። እነዚህን ችካሎች አደራ። ከብት እንዳይጥላቸው፣ ሰው እንዳይነቅላቸው።»

«ኢንጂነር፣ እኔ እያለሁ ማን አባቱ ነክቶ!»

«ኢንጂነር አይደለሁም ብዬዎታለሁ።»

«ለእኔ ነዎት።»

በሁለተኛው ወር የጎረቤት ፍየል አንዱን ችካል ገፍታ አጋደመችው። አባ ንቁ ቁጥሩን አንብቦ፣ ሲተከሉ ልኩን በያዘበት ገመድ ለክቶ፣ ችካሉን በነበረበት መልሶ መታው። ተቆጣጣሪው ሲመጣ መሬቱን መርምሮ እውነትም የፍየል ሥራ መሆኑን አየ። ሽማግሌውን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ «እንደ እርስዎ ያለ ጠባቂ የትም የለኝም» አለው። ቀጥሎ በሄደ ጊዜ የሚስቱን አሮጌ ሜትር ሰጠው። ሽማግሌው በመሐረብ ጠቅልሎ ከደረት ኪሱ አኖረው። ለሚስቱ ሲነግራት፣ «ለጋብቻችን አሥረኛ ዓመት የገዛሁትን?» አለች፤ ተቆጥታ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ችካሉ አላደረገም። ችካሎቹ ለምን እንደተተከሉ ለአባ ንቁ አልነገረውም። ሊደብቀው አልነበረም። ለእሱ ከመጠን በላይ ግልጽ ስለነበረ፣ የማያውቅ ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም።

የዚያ ዓመት ዝናብ ኃይለኛ ነበር። የትልቁ ካባ ፈቃድ የሚታደስበት ቀንም በመሐሉ ዋለ። ችካሉ ወደ ኃላፊዋ ቢሮ ገባ። አንድ ላይ የተማሩ ናቸው፤ ሰው በሌለበት አንተ አንቺ ይባባላሉ።

«ነዳጅ» አላት፣ ገና በሩ ላይ ቆሞ።

«ደህና አደርሽ ይቀድማል።»

«ደህና አደርሽ። ነዳጅ።»

መነጽሯን አወለቀች። «ያለንን ታውቀዋለህ። የጽዳቷንና የጥበቃውን ደመወዝ ብቻ ነው የሚሸፍነው። ነዳጅ የምንገዛው የዚያ ካባ የእድሳት ክፍያ ሲገባ ነው።»

«ክፍያው የሚገባው እድሳቱ ሲፈረም ነው።»

«አዎ።»

«እድሳቱ የሚፈረመው እኔ ሄጄ ካየሁ በኋላ ነው።»

«አዎ።»

«እኔ የምሄደው ነዳጅ ሲኖር ነው።»

«እኔ ያወጣሁት ደንብ አስመሰልከው እኮ! ጋሪው ከፈረሱ ቀድሟል፤ ይታየኛል። ምን ላድርግ?»

በአውቶቡስ እንዳይሄድ ጎርፉ ድልድዩን ጎድቶታል፤ አውቶቡስ ከዚያ ወዲያ አይሻገርም፤ የሚያልፈው ትንሽ መኪና ብቻ ነው። ከድልድዩ በእግር አራት ሰዓት ነው። አምና አድርጎታል፤ ጉልበቱ አብጦ ሁለት ሳምንት ተኝቷል።

«ካልፈረምን ካባው የሚቆም ይመስልሃል?» አለችው፣ ለስለስ ብላ። «ያለ ፈቃድ ይቆፍራል። እኛ ደግሞ በሚቀጥለው ወር ይህን በር እንዘጋለን። ያኔ ስድስቱንም የሚያይ የለም። አንተን ለማባበል አይደለም፤ ቁጥሩ ነው የሚለው። ጠባቂውን አታምነውም?»

«እንደ ዓይኔ ብሌን።»

«እንግዲያው ደውልለት።»

ደወለ። ከወዲያ በኩል የዝናብና የንፋስ ድምፅ ይሰማል። አባ ንቁ ስልኩን ሳይዘጋ ወደ አፋፉ ወጣ፤ ሲያለከልክ ይሰማ ነበር።

«አገኘሁት ኢንጂነር! መቶ አሥራ ሁለት! ንቅንቅ አላለም!»

«እርግጠኛ ነዎት አባ ንቁ? በደንብ አይተውታል?»

«እግዜር ያሳይዎት! ልክ እርስዎ እንደተከሉት ነው። እኔ እያለሁ አይነቃነቅም አላልኩም?»

ችካሉ ስልኩን ዘጋና የእድሳቱ ቅጽ ላይ ብዙ ቆየ።  ይህን ያህል ዘንቦ አንድ ሳንቲሜትር እንኳ? ግን ቁጥሩ ያው ነው፣ ሰውየው የሚያምነው ነው፣ ጉልበቱም ያመዋል። «ለውጥ የለም» ብሎ ጻፈና ፈረመ።

ረቡዕ ተፈረመ። ሐሙስ ክፍያው ገባ። ዓርብ የነዳጁ ኩፖን እጁ ደረሰ። የመኪናው ባትሪ ሞቶ ስለነበረ መካኒክ ቅዳሜ ይመጣል ተባለ። ሰኞ ራሱ እየነዳ ሊሄድ ጫማውን ጠርጎ አዘጋጀ። ቅዳሜ ረፋድ፣ መካኒኩ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ድመቷን እየረገመ ሳለ፣ ስልክ ተደወለ።

አፋፉ ወርዷል። ቆፋሪዎቹ ከወዲያ ካለው ዳስ ሥር ቁርስ ላይ ስለነበሩ ተርፈዋል። የሞተው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጠባቂው። እንዴት እንደሆነ አልታወቀም እንጂ በሩን ትቶ አፋፉ ላይ ወጥቶ ነበር።

ችካሉ ያን ቀን ምን እንዳደረገ አያስታውስም። ሚስቱ የምታስታውሰው ሜትር ፍለጋ ኪሱን ሳይሆን፣ እሱን ፍለጋ ቤቱን ስትዞር፣ ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ቆሞ ማግኘቷን ነው። የሚይዘው የሚጨብጠው አጥቶ ቆሟል።

የአባ ንቁ ልጅ ዳቦ ቤት ትሠራለች። ከቀብሩ በኋላ ባለው ሳምንት ቢሮው ድረስ መጣች። እጇ ላይ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች።

«ጋሼ፣ ይህ የእርስዎ ነው። ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር። አጥቤዋለሁ።»

ሜትሩ ነው። ጥቅልሉን በሁለት እጁ ተቀበለ። ነፍስ ይማር አላት።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት» አለች። «የካባው ድርጅት የሞት ካሳ አልከፍልም ብሏል። ያለ ፈቃድ ከጥበቃ ቦታው ተለይቶ ነው የሞተው ይላሉ። አባቴ ግን ለእርስዎ ሥራ ነው የወጣው። እርስዎ ያውቃሉ። በየማለዳው ነበር የሚወጣው።»

«በየማለዳው?»

«ችካሎቹን ሊያቃና።» በሐዘኗ መሐል ፊቷ ትንሽ በራ። «ዝናቡ ከገባ ወዲህማ በየቀኑ ነበር። መቶ አሥራ ሦስት ሆኖ ያገኘዋል፤ ነቅሎ መቶ አሥራ ሁለት ላይ ይመልሰዋል። ዝናቡ ነው የሚያንሸራትተው ይላል። አንተ ሰውዬ በዚህ ዕድሜህ አርፈህ አትቀመጥም ስለው፣ የኢንጂነሩ አደራ ነው፣ ሲመጡ ተበላሽቶ አያገኙትም፣ ይለኝ ነበር።»

ችካሉ ወንበሩን ይዞ ተቀመጠ።

«ስንት ቀን ይሆናል … እንዲህ ያደረገው?»

«ሃያ ቀን ይሆናል። ምነው ጋሼ? አመመዎት?»

ሃያ ማለዳ፣ በየማለዳው አንድ ሳንቲሜትር። ገደሉ ሃያ ጊዜ እየጮኸ ነግሮ፣ ሽማግሌው ሃያ ጊዜ አፉን ዘግቶለታል፤ ለእሱ ብሎ፣ በፍቅር። ፍየሏ ትዝ አለችው። ትከሻውን መታ መታ ያደረገበት እጁ ከብዶት ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው።

«ካሳውን ታገኛለሽ» አላት። ሌላ ነገር ማለት አልቻለም።

አጣሪ ኮሚቴው ሦስት ሰዎች ነበሩ። የድርጅቱ ጠበቃ ከወዲህ፣ ኃላፊዋ ከወዲያ ተቀምጠዋል። የአባ ንቁ ልጅ ከኋላ ወንበር ላይ ናት። ችካሉ ቆሞ፣ ሟች ወደ አፋፉ የወጣው በእሱ ትእዛዝ መሆኑን ተናገረ። ለክተው ይንገሩኝ ያልኩት እኔ ነኝ፤ የመንግሥት ሥራ ላይ ነበር፤ ሳልሄድ «ለውጥ የለም» ብዬ የፈረምኩትም እኔ ነኝ አለ። ለምን አልሄድክም ሲባል፣ ነዳጅ አልነበረም አለ። ነዳጅ ለምን እንዳልነበረ ሲጠየቅ የደንቡን ዙሪያ ጥምጥም አስረዳ። ሰብሳቢው ሁለት ጊዜ አስደገመውና እርሳሱን አስቀመጠ።

ጠበቃው ግን አልተወውም። «መሬቱ ከተንቀሳቀሰ በስልክ የተነገረዎ ቁጥር ለምን አልጨመረም? ጠባቂው ዋሽቷል ማለት ነው?»

 ችካሉ ወደ ኋላ ወንበር አላየም።

«አልዋሸም። ያየውን ነው የነገረኝ። ችካሎቹ ለምን እንደተተከሉ ያልነገርኩት እኔ ነኝ። ባለማወቅ ለሆነው ሁሉ ያላሳወቀው ይጠየቅ።»

ጸሐፊው ይህን ጻፈ። ካሳው ይከፈል ተባለ። ችካሉ ከሥራ ታገደ።

ውጭ ደረጃው ላይ ልጅቷ ጠበቀችው። ዓይኗ ደርቆ ነበር።

«ጋሼ» አለች፣ «ያ መቶ አሥራ ሦስት … ገደሉ ሲሄድ ነበር አይደል? አባቴ በገዛ እጁ …»

ሊዋሻት ፈለገ። ቢዋሽ ደግ ነበር። ግን ፊቷ የአባቷ ፊት ነው።

«ፍየል የጣለችውን ሲያቃና ያመሰገንኩት እኔ ነኝ የኔ ልጅ» አላት። «ለምን እንደሆነ ሳልነግረው አመሰገንኩት። ችካሎቼን እንደ እሱ የጠበቀ የለም።»

 መንገደኛ በመሐላቸው አለፈ። ሄደች ሲል ዞር ብላ፣ «ሌሎቹስ ጋ?» አለችው። «ሌሎቹስ ጋ ነግረዋቸዋል?»

በማግስቱ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ያዘ። መታወቂያውን አስረክቧል፤ ያለው ሜትሩ ብቻ ነው። ቅርቡ ካባ የአሸዋ ነው። ጠባቂ የለውም፤ ችካሎቹን አደራ ያለው በሩ ላይ ሻይ ለምትሸጠው ሴት ነበር። ገና ከሩቅ አይታው ሳቀች።

«ወንድሜ! ጠፋህ ጠፋህና ዛሬ ከየት ተገኘህ? ና ሻይ ጠጣ። ለእድሳቱ ነው?»

«አይደለም። ስለ ችካሎቹ ነው።»

«ኧረ እነሱማ በሰላም አሉ! ባለፈው ሳምንት አንዱ ዘሞ አገኘሁት፤ ትናንትም እንደዚያው። አይዞህ፣ ሁለቱንም ጊዜ አቃንቼልሃለሁ።»

ብርጭቆውን አልተቀበላትም። አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ስንጥቁ ምን እንደሆነ፣ ሁለቱ ሚስማሮች ምን እንደሚናገሩ፣ አባ ንቁ እንዴት እንደሞተ፣ ሁሉንም ነገራት። አልቸኮለም። ሴትዮዋ መሳቋን ተወች። ብርጭቆው እጇ ላይ ቀዘቀዘ። ከታች፣ ከአሸዋው ሥር፣ የአካፋ ድምፅ ይሰማል።

የካባው አለቃ መጣና፣ «አንተ ታግደሃል አይደል? በሬዲዮ ሰምተናል» አለው።

«ታግጃለሁ። ሰዎቹን አስወጣቸው።»

«በምን ሥልጣን?»

ችካሉ መታወቂያው የነበረበትን ኪስ ዳሰሰ። ሻይ ሻጯ ግን ተነሳች። ማንቆርቆሪያዋን አንስታ በማንኪያ እየደበደበች ወደ አፋፉ ሄደች።

«ኑ ውጡ!» ብላ ጮኸች። «ሻይ ዛሬ በነጻ ነው! የቀረ ቀረበት!»

የታችኛው የአካፋ ድምፅ አንድ በአንድ ጸጥ አለ። መጀመሪያ ሁለት፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ሁሉም እየተጋፉ፣ እየተሳደቡና እየሳቁ ዳገቱን ወጡ። «ምን ተገኘ? ልትዳሪ ነው እንዴ?» ይሏታል። እሷ እንባዋን በሻርፗ እየጠረገች ትቀዳላቸዋለች።

ገደሉ ያን ቀን አልወደቀም። በአራተኛው ቀን፣ ባዶ ካባ ላይ ወረደ።

ኃላፊዋ የአሸዋውን ካባ መዝጊያ ስትፈርም፣ «አራት ቀሩን» አለችው ፊቷ ለቆመው ለችካሉ። ከአራት ፈቃድ የሚገኘው ክፍያ ደመወዝም እንደማይሸፍን ሁለቱም ያውቃሉ። ከራሷ ቦርሳ የአውቶቡስ መሳፈሪያ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ይህ ከማንም ክፍያ አይደለም» አለች። «ነገ የትኛው ጋ ነህ?»

ነገራት። ማታ ሚስቱ ኮቱን ስታንጠለጥል ኪሱን ዳሰሰች። ሜትሩ አለ። ሳትነካው እዚያው ተወችው።